የቀኙ ወንበር

«እሷንም እንደ ወንድሜ አፏን ዘግተህ ልታስቀምጣት ነው?»

ይህን ያለችው እናቷ ናት። ሚጢ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የአባቷ ክርን፣ የሻይ ብርጭቆና ግማሽ ዳቦ ይታያሉ። የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማንኪያው ግን ብርጭቆውን እየዞረ መነካካቱን አልተወም። እናቷም ጥያቄዋን አልደገመችም። ቧንቧ ከፍታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የምታጥበው ደግሞ የታጠበ ዕቃ ነበር፣ ሚጢ ራሷ ማታ አጥባ የደረደረችውን።

በዚያ ቤት ስለ አጎቷ ሲነሳ ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። አባቷ ካፒቴን፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ረዳት አብራሪ ሆነው የጭነት አውሮፕላን ይዘው ወጡ፤ ጭጋግ ውስጥ ሊያርፉ ሲሉ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ መሬት መታ፤ አጎቷ ሞተ፣ አባቷ ተረፉ። የድምፅ መቅጃው ተቃጥሎ ስለነበር የሆነውን የሚናገር ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ልጁ ደንግጦ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ያዘው፣ ላስለቅቀው አልቻልኩም አሉ። ይኸው ተጻፈ፣ ይኸው ቀረ። ሚጢ ያኔ ፊደል የምትቆጥር ልጅ ነበረች። አሁን ሃያ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ብቻዋን ትንሽ አውሮፕላን አስነስታ እያሳረፈች፣ ቤት ውስጥ አሁንም ሚጢጢ ከሚለው የተቆረጠው ሚጢ ነው የምትባለው።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰውዬው ይጠብቀናል» አሉ አባቷ ከወጥ ቤቱ እየወጡ። ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴኑ ነው የሚላቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሸሚዛቸው ነጭ፣ ሱሪያቸው የካውያ መስመር የያዘ ነው። ሚጢ ጫማዋን እያሰረች የእናቷን ፊት ፈለገች። እናቷ ጀርባዋን እንደሰጠች «በደንብ ጠይቂ» አለች፤ የምታናግረው ግን ሳህኑን ይመስል ነበር።

የዕለቱ ጉዳይ ትምህርት ቤት መምረጥ ነው። ሚጢ የአብራሪነት ፈቃድ ይዛለች፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱ ብቻውን አየር መንገድ አያስገባም። ከዚያ በፊት ሁለት ሰው አንድ አውሮፕላን እንዴት አብሮ እንደሚያበርር የሚያስተምረውን ኮርስ መውሰድ አለባት። አንዱ ያበርራል፣ ሌላው ይከታተላል፤ የሚከታተለው ያየውን ይናገራል፣ የሚያበርረው ይሰማል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ሁሉም የሚሠራው ከመሬት ሳይነሱ፣ ሲሙሌተር በሚሉት አውሮፕላን መሰል ክፍል ውስጥ ነው። በከተማው ይህን የሚሰጡ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱን አባቷ መርጠው ጨርሰዋል፣ ሌላውን እሷ ከጓደኞቿ ሰምታለች።

መኪናዋ ያረጀች ቢሆንም ካፒቴኑ የሚነዷት እንደ አዲስ ነው፤ መስታወት አስተካክለው፣ ወንበር ስበው፣ አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጥረው ነው ቁልፉን የሚያዞሩት። ሲነዱ አይወራም። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ በሚጢ በኩል አንድ አሸዋ የጫነ መኪና ፍሬን የሌለው ይመስል ሲመጣ አየችው። አባቷ ወደ ሌላ ነው የሚያዩት። አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሷል፤ ግን አልወጣም። ፍሬኑን የረገጡት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። የመኪናው ጎን መስታወታቸውን ሊልሰው ምንም አልቀረውም።

«አይቼዋለሁ» አሉ ካፒቴኑ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሚጢ «አዎ አባባ» አለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሽቶ ሽቶ ይላል። ግድግዳው ላይ ከዚያ የተመረቁ ልጆች ፎቶ ተደርድሯል፤ ሁሉም ብቻቸውን ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ሲስቁ። ሥራ አስኪያጁ በወጣትነቱ በካፒቴኑ እጅ የሠለጠነ ሰው ስለነበር ከመቀመጫው ዘሎ ተነስቶ ሁለት እጃቸውን ያዘ። ለሚጢ ወንበር ሳበላት፤ ያናገረው ግን አባቷን ነበር።

«የእርስዎ ልጅ ምን ትማራለች ካፒቴን? በደሟ ያለ ነገር! ለወጉ ያህል መጥታ ቁጭ ትላለች፣ በሁለት ሳምንት ወረቀቱን እጇ ላይ እናደርጋለን።»

ሲሙሌተሩ እውነትም ያምራል። ከአምና ወዲህ የተገዛ ነው፤ ስክሪኖቹ ጣት አልነካቸውም፣ ወንበሮቹ ላይ ፕላስቲኩ እንዳለ ነው። ዋጋውን ሥራ አስኪያጁ በትንሽ ወረቀት ጽፎ አጥፎ ለካፒቴኑ ሰጣቸው፤ ሚጢ አጮልቃ አየችው፣ ለቤት ኪራይ ቢሆን ዓመት ያስቀምጣል። ካፒቴኑ ወረቀቱን አንብበው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም።

«አጣማሪዬ ማን ይሆናል?» አለች ሚጢ።

«የምን አጣማሪ?»

«ሁለት ሆነን አይደለም የምንሠለጥነው?»

«እሱማ ችግር የለም። ሰው ከጎደለ ኮምፒውተሩን የሚጠግነው ልጅ ገብቶ ይቀመጥልሻል።»

«ይናገራል?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ምን ብሎ? ዝምተኛ ነው፣ አይረብሽሽም።»

«ከበረራው በኋላስ? ስለ ስህተታችን የምንወያይበት ሰዓት አለ?»

«ውይይት ከፈለግሽ ታች ካፌ አለ፣ ማኪያቶው አንደኛ ነው» ብሎ ለካፒቴኑ ጠቀሰ። እሳቸውም ሳቁ። ሚጢም ሳቀች፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲስቁ ዝም ማለት ነውር መስሎ ስለታያት ነው።

ሊፍቱ ውስጥ ካፒቴኑ «ጨርሰናል ማለት ነው» አሉ። ሚጢ የፎቅ ቁጥሮቹን እያየች «ሁለተኛውንም ብናየው» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ካፒቴኑ ዘወር ብለው አዩዋት። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእሳቸው ውሳኔ በኋላ ተናግራ አታውቅምና ከመቆጣት ይልቅ ግር ያላቸው ይመስል ነበር። «ለማየት አይከፈልም» አሉ በመጨረሻ።

ሁለተኛው ከከተማው ጫፍ፣ የጎማ መጋዘን ጀርባ ነው። መንገዱ ጠጠር፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ታፔላ እንኳ የለውም፤ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ «ደወሉ አይሠራም፣ አንኳኩ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። የከፈተችላቸው አስተማሪዋ ራሷ ናት። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯ አጭርና ሽበታም፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት። ሲገቡ ገባቸው፤ ክፍሉ ለኮምፒውተሮቹ ሲባል እንደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ነው። መስኮት የለውም። ከውጭ ያለው የጎማ ሽታም የመኪና ጥሩምባም በሩ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ፤ ጆሮ ውስጥ ጥጥ የገባ ያህል። መሀል ላይ የሲሙሌተሩ ክፍል ጥቁር ተቀብቶ፣ ተቆርጦ እንደተጣለ የአውሮፕላን አፍንጫ ተቀምጧል።

«እኔ ዘንድ አራት ተማሪ ነው የሚገባው፣ ከዚያ በላይ አልወስድም» አለች አስተማሪዋ፤ የተናገረችው ለሚጢ ነው። «ጥንዶቹን የማጣምረው እኔ ነኝ። ስትላመዱ ደግሞ እቀያይራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ሥራ ላይ ከማን ጋር እንደምትመደቢ አታውቂም። የበረራውን ያህል ሰዓት ቁጭ ብለን እናወራበታለን። የተናገራችሁት ሁሉ ይቀዳል፤ የእያንዳንዱ ማይክ ለብቻው። አብዛኛው ሰው 'ተናግሬያለሁ' ይላል፤ ስናዳምጠው የለም። ሁሉንም አላሳልፍም፣ ያንን ከአሁኑ እወቂ። ማብረር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እሱማ ፈቃድሽ ይናገራል። እሺ፣ ከአንቺ የሚበልጥ ሰው ፊት ለፊት 'ተሳስተሃል' ያልሽው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?»

ሚጢ አሰበች። አስባ አስባ ምንም አጣች። ካፒቴኑ በኩራት «ልጄ ጨዋ ናት» አሉ።

«ጨዋነቱ ጥሩ ነው» አለች አስተማሪዋ። «እዚህ ስትገቢ ግን ከቦርሳሽ ጋር ውጭ ታስቀምጪዋለሽ። ስትወጪ ትወስጂዋለሽ፣ ማንም አይነካብሽም።»

የካፒቴኑ አንገት ሲቀላ ሚጢ አየች። ይህች ሴት ያስቀየመቻቸው እንዴት እንደሆነ እሳቸውም የገባቸው አይመስልም። አስተማሪዋ ሚጢን ሞክሪው ብላ ነበር፤ አጣማሪ የሚሆናት ተማሪ ግን ለምሳ ወጥቷል። «እኔ እገባለሁ» አሉ ካፒቴኑ። «ከተዉት አልቆየም?» ስትላቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። «እጄ አልረሳም።»

በግራ በኩል ካለው የካፒቴን ወንበር እሳቸው ተቀመጡ፣ በቀኝ በኩል ካለው የረዳት ወንበር ሚጢ። አስተማሪዋ ከኋላቸው፣ ከመጋረጃ ወዲያ ስክሪኗ ፊት ሆነች። ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ካፒቴኑ ቀበቷቸውን ሲያስሩ ዕድሜያቸው በግማሽ የቀነሰ ይመስል ነበር። «የት ላስቀምጣችሁ?» የሚለው የአስተማሪዋ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ መጣ።

«ሐይቁ ዳር ያለው አሮጌው የጭነት ሜዳ አለሽ?»

«አለ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አየሩስ?»

«ጭጋግ» አሉ ካፒቴኑ።

ሚጢ ዞራ አየቻቸው። አጎቷ የሞተበት ሜዳ የትኛው እንደሆነ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ሐይቅ የሚለውን ቃል ግን ልጅ ሆና ከለቅሶኞች አፍ ሰምታዋለች። አስተማሪዋ መብራቱን አጠፋች። መስታወቱ ሁሉ ግራጫ ሆነ። ወደ ታችም ወደ ላይም የሚያሳይ ነገር ጠፋ፤ የቀረው የበረራ መለኪያዎቹ አረንጓዴ ብርሃንና በዚያ ብርሃን የሚታየው የአባቷ አገጭ ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ካፒቴኑ ያዛሉ፣ ሚጢ ታደርጋለች፣ መልሳ ትናገራለች። ጎማ አውርጂ፤ ጎማ ወርዷል። እጃቸው እውነትም አልረሳም፤ መሪውን የያዙት እንደ ሕፃን እጅ በስሱ ነው። ሚጢ ከፍታውን እያነበበች ትጠራለች። አንድ ሺህ ጫማ። አምስት መቶ። ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለት መቶ ላይ ሲደርሱ ማኮብኮቢያው ካልታየ ማረፉ ይቀርና ተመልሶ ወደ ላይ መነሳት ነው። ሌላ ምርጫ የለም።

«ሁለት መቶ» አለች ሚጢ። «አልታየኝም።»

አውሮፕላኑ መውረዱን ቀጠለ። ሚጢ ያልሰሟት መስሏት «አባባ፣ ምንም አይታየኝም» አለች። እጃቸውን አየች፤ ያ በስሱ የያዘው እጅ የለም። ጣቶቻቸው መሪው ላይ ተጣብቀው አንጓቸው ነጥቷል። ያኔ ነው ማዳመጫው ውስጥ የሆነ የወንድ ድምፅ የሰማችው። ወጣት ነው፤ ትሕትና የተሞላ፣ ትንሽ የሻከረ።

«ካፒቴን… ትንሽ ዝቅ አላልንም?»

ሚጢ ለምሳ የወጣው ተማሪ ተመልሶ ከአስተማሪዋ ጎን የገባ መሰላት። ዞራ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ድምፁ እንደገና መጣ። «ካፒቴን፣ ማኮብኮቢያው አልታየኝም።» የተናጋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። የአባቷ ዓይን ግራጫው መስታወት ላይ እንደተተከለ ነው፤ አይርገበገብም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ማሽኑ በራሱ ደወል መጮህ ጀመረ። መሬቱ ቀርቧል።

«ካፒቴን፣ እባክዎ… ይልቀቁልኝ።»

ሚጢ መሪውን ያዘች። እንደ ግንድ አልነቃነቅ አላት። «አባባ!» አለች፤ ምንም። «እኔ ይዣለሁ!» አለች፤ እንደተማረችው። ምንም። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማታውቀው፣ በዕድሜዋ ሙሉ ለአባቷ ቀርቶ ለታላላቆቿ ሁሉ ብላው የማታውቀው ቃል ከአንጀቷ ወጣ።

«ልቀቅ!»

ለቀቁ። እጃቸው እንደ ተቃጠለ ሰው እጅ ከመሪው ላይ ተነሳ። ሚጢ ኃይሉን እስከ ጥግ ገፍታ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳች። ከታች፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ የውሃ ጥቁረትና የድንጋይ ጠርዝ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደወሉ ዝም አለ። ግራጫው መልሶ ዋጣቸው። አስተማሪዋ መብራቱን ስታበራ አባትና ልጅ ወደ ፊት ለፊት እያዩ እንደተቀመጡ ነበር፤ የሁለቱም ሸሚዝ በዚያ ብርድ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል።

መወያያ ክፍሉ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ ነው ያለው። አስተማሪዋ ሻይ አቀረበችላቸው፤ ማንም አልነካውም። ኮምፒውተሯን ወደ እነሱ አዞረችና ከመጀመሯ በፊት ትንሽ አመነታች። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «እኔ አልተናገርኩም። ውስጥ ሁለት ናችሁ። እዚህ ያሉት ድምፆች ግን ሦስት ናቸው።»

«አጫውቺው» አሉ ካፒቴኑ።

ከስፒከሩ የሚጢ ቁጥር አጠራር ወጣ፣ ቀጥሎ ያ ትሑት ድምፅ። ካፒቴኑ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ በሩቅ የሚያውቁትን ሰው ከሕዝብ መሀል እንደሚለይ ሰው። «እኔ ምንም አልተናገርኩም» አሉ። አስተማሪዋ በጣቷ ስክሪኑን ነካች። «የመጣው ከግራው ወንበር ማይክ ነው፣ ካፒቴን። ከእርስዎ።» እንደገና አጫወተችው። ይልቀቁልኝ። ካፒቴኑ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉ፣ ግን መልሰው አላደረጉም።

«ካፒቴን ሲል መጨረሻዋን እንዲህ ይጎትታት ነበር» አሉ። «ቤት ውስጥ ጋሼ ነው የሚለኝ። እዚያ ስንገባ ግን አንቱታውን አንድም ቀን አልረሳም።»

ማቀዝቀዣው ብቻ ያጓራል። ሚጢ የአጎቷ እጅ ስንት ዓመት ሙሉ ያልያዘውን መሪ ይዞ እንደኖረ አሰበች፤ በወረቀት ላይ፣ በሰው አፍ፣ በገዛ እህቱ ቤት። አስተማሪዋ የሆነውን ሁሉ ባታውቅም የሚበቃትን ያህል የገባት ይመስል ነበር። ሳትጠየቅ «ቅጂው የሠልጣኙ ነው፣ ደንባችን ነው» ብላ ወደ ሚጢ ስልክ ላከችው። ሚጢ እዚያው ቆማ የምዝገባውን ወረቀት ሞላች። አባቷን አላስፈቀደችም፤ አባቷም ወረቀቱን አላዩትም።

ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ካፒቴኑ መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ለሚጢ ሰጥተው እሳቸው በቀኝ በኩል ገቡ። ቀበቶውን ማሰር አቅቷቸው ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው። ጠጠሩን ጨርሰው አስፋልት ከያዙ በኋላ «ልቀቅ አልሽኝ» አሉ።

«ይቅርታ አባባ።»

«ይቅርታ አትበዪ» አሉ።

እናቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካፒቴኑ በአጠገቧ አልፈው ሳሎን ገቡና ቴሌቪዥኑን ከፍተው ተቀመጡ። «የትኛውን መረጣችሁ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ። ሚጢ መልስ ከመስጠት ይልቅ በሩን ገፋ አድርጋ ስልኩን የካውያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ከፈተችው። የመጀመሪያው «ካፒቴን» ሲሰማ የእናቷ እጅ ቆመ። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ነው። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፤ ከነጩ ሸሚዝ ላይ ቀጭን ጭስ መነሳት ጀመረ፣ ካውያውን ያነሳችው ሚጢ ናት። እናቷ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የመገረም መልክ እንኳ አልነበረም። ቀረጻው ሲያልቅ «መልሺው» አለች።

ሚጢ የአጎቷ ድምፅ ወደሚጀምርበት መለሰችው።

«እሱን አይደለም። ያንቺን።»

ልቀቅ! የሚለው የሚጢ ጩኸት ትንሿን ክፍል ሞላት። እናቷ በራሷ ጣት መልሳ አጫወተችው። ደግማ አጫወተችው። ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ያ አንድ ቃል ብቻ ሆነ፤ ሚጢ የገዛ ድምፅዋን የሌላ ሰው ያህል ፈራችው። እናቷ ስልኩን አስቀምጣ የካውያውን ሶኬት ነቀለች፣ ሳሎን ገባችና ከባሏ ፊት ቆመች።

«ተነስ። የወንድሜ ሚስት ዘንድ እንሄዳለን።»

«አሁን?»

«አሁን።»

የአጎቷ ሚስት የምትኖረው ከድልድዩ ማዶ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚጢ ቤቱን አታውቀውም፤ እናቷ ግን ሳትጠይቅ፣ የፎቁን ቁጥር ሳታይ ቀጥ ብላ ወጣች። የደረጃው መብራት ተቃጥሏል። ከየቤቱ የሳሙናና የሽንኩርት ሽታ፣ የሕፃን ለቅሶ ይመጣል። በሩ ጋ ሲደርሱ እናቷ ገለል ብላ ለካፒቴኑ ቦታ ለቀቀች። እሳቸው ቆሙ። እጃቸው ለማንኳኳት ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። ሚጢ እሷ ልታንኳኳላቸው ፈልጋ ነበር፤ እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

አንኳኩ።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ።

ካፒቴኑ አፋቸውን ከፈቱ። ሚጢ በየትኛው ድምፅ እንደሚመልሱ አታውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። የራሳቸው ድምፅ ነው፤ የደከመ፣ የአሮጌ ሰው። «ከመክፈትሽ በፊት ስሚኝ። መሪውን ይዞ የቀረው እሱ አይደለም። ልቀቅ ብሎኛል፤ በጨዋ ደንብ፣ ደጋግሞ ነግሮኛል። ያልለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

ወደ በሩ ይመጣ የነበረው የነጠላ ጫማ ኮቴ ቆመ። እዚያው፣ ከእንጨቱ ወዲያ፣ አንድ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ከታች ፎቅ አንድ ሰው እየሳቀ በሩን ዘጋ። ቆይቶ ቁልፉ ዞረና በሩ ተከፈተ። ሴትየዋ ከኋላዋ ባለው ብርሃን የተነሳ ፊቷ በደንብ አይታይም። ካፒቴኑን አላየቻቸውም። እዚያ የቆሙ እስከማይመስል ድረስ በትከሻቸው ላይ አልፋ የምታየው የሚጢን እናት ነበር።

«አንቺም ዛሬ ነው የሰማሽው?»

ሚጢ ወደ እናቷ ዞረች። አዎ ትላለች ብላ ጠበቀች። እናቷ አንድ እጇን በሌላኛው ይዛ ወለሉን አየች።

«አይደለም» አለች። «ባሌ በእንቅልፉ ይናገራል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ።»

ሴትየዋ ግቡ አላለችም። በሩንም አልዘጋችውም። ትታው ወደ ውስጥ ተመለሰች፣ ሦስቱም ደፉ ላይ እንደቆሙ፣ ማን ቀድሞ እግሩን እንደሚያነሳ ሳያውቁ።